ከጣራው ወዲህና ወዲያ

ግንቦት ገብቶ ደመና ከስሜን ተራሮች ጀርባ መከማቸት ሲጀምር፣ ሐረገወይን ቀን ከሌት የምታስበው ስለ አንድ ጣራ ነበር። ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው እንደዚያ ነው። ስለ ሌላው ጭንቀቷ የጠየቃት አልነበረም፤ ቢጠይቃትም አትናገርም።

ጎሕ አምባ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ የመኪናው መንገድ ሲያበቃ በእግር የሚወጣ ከፍታ ነው። አናቱ ላይ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በጥድና በወይራ ተከባ ትታያለች። ከደኑ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሐረገወይን የነደፈችው የጽሞና መንደር ተሠርቶ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሐሳቡ የዶክተር ኤሌኒ ነበር። ኤሌኒ ጎንደር ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ናት፤ ባለፉት ክፉ ዓመታት እንቅልፍና ሰላም ያጡ ሰዎችን ስታክም ከርማ፣ «መድኃኒቱንስ ሰጠኋቸው፤ ዝም ብለው የሚቀመጡበት ቦታ ግን የለኝም» ብላ ተነሣች። መሬቱን የሰጠችው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ግዴታዋ ግን ከባድ ነበር፤ ቆሞ ያለ ዛፍ አይቆረጥም፣ ሲሚንቶ አይፈስም፣ ቤቱ አንድ ቀን ቢተው መሬቱ እንደ ነበረ ይመለሳል።

ሌላ አርክቴክት ቢሆን ይሸሽ ነበር። ሐረገወይን ግን ከተማሪነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ሥራ ይኸው ነው። መሬቱን ሳትቆርስ ጎጆዎቹን እርከኑን አስከትላ ደረደረቻቸው። መሠረታቸውን በአምባው ድንጋይ፣ ግድግዳቸውን ከጭድ ጋር ተቦክቶ በከረመ ጭቃ አሠራች። የፀሐይዋን አወጣጥና የነፋሱን አመጣጥ አጥንታ በሮቹን ከብርዱ አዞረች። የዝናቡን ውኃ በድንጋይ ቦይ ወደ ጉድጓድ መራችው። የቀረው መካከል ላይ ያለው የክቡ አዳራሽ ክዳን ብቻ ነበር። ጣራ ለሌለው የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ዝናብ ምሕረት የለውም፤ አንድ ኃይለኛ ዶፍ የወራቱን ልፋት ጠራርጎ ገደል ይከተዋል።

ሌላው ጭንቀቷ ቢሻው ነበር።

ዲያቆን ቢሻው የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ የቄስ ዳኛው ልጅ ነው። ጎንደር ወርዶ ቅኔ ተምሮ፣ አስመስክሮ የተመለሰ፣ ለአምባው ልጆች ግዕዝ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ ሰው። ሰበካ ጉባኤው ግንባታውን እንዲከታተል የመረጠው እሱን ነበር። መጀመሪያ የተጣሉት በመስኮት ነው። እሷ ገደሉንና ተራራውን እንዳለ የሚያሳይ ሰፊ መስኮት ነድፋ ነበር።

«ለሚያይ ሰው ሸጋ ነው» አላት ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ። «እዚህ የሚመጣው ግን ማየት የደከመው ሰው አይደለም?»

«ታዲያ በጨለማ ይቀመጥ ነው የሚሉት?»

«እኔስ አላልኩም። አርክቴክቷ እርስዎ ነዎት።»

ተኮራርፈው ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ቀን ሐረገወይን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሠርታው መጣች፤ የቆመ ሰው ግድግዳ ብቻ የሚያይበት፣ መሬት የተቀመጠ ሰው ግን ተራራውን ከነሰማዩ የሚያገኝበት አድርጋ። ቢሻው ንድፉን ካየ በኋላ ገና ባልተሠራው ወለል ላይ ሄዶ ተቀመጠ። መስኮቱ ይከፈትበታል ወደተባለው በኩል ትንሽ ተመለከተ። ቀጥሎ ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ዓይኑን ቶሎ አላነሣም። ከዚያ ቀን ወዲህ «እርስዎ» መባባል ቀረ።

በፋሲካ ማግስት ደግሞ፣ ከአዳራሹ መሠረት ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ «ሐረግ፣ ሥራሽ አልቆ ስትሄጂ እኔ እዚህ ምን ይዤ እቀራለሁ?» አላት። እጇን ያዘ። አልነሣችውም። ልትነግረው የሚገባት ያን ጊዜ ነበር። ሳትነግረው ቀረች፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ በየቀኑ እየከበዳት ሄደ።

አሁን ግን ቢሻው ከሰሞኑ ወደ ግንባታው ዝር ማለት ትቷል።

በእሱ ፈንታ አባቱ መጡ። ቄስ ዳኛው ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ የሚሄዱት በመቋሚያቸው መሬቱን እየዳበሱ ነው። ሐረገወይን ሮጣ ደግፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና መስቀላቸውን ተሳለመች። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የአያቴ ቤት እንዲህ ያለ ነበር። ብርድ አያስገባም።»

«ጣራው ከደረሰልን ነው አባቴ። ሰኞ ደቦ ተጠርቷል።»

«ይደርሳል፣ ኪዳነ ምሕረት ታውቃለች።» መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ልጄ፣ እኔ ወሬ አላሳድድም። ዓይኔ ቢደክምም ግን የልጄን እርምጃ እሰማለሁ። ወደዚህ ሲመጣ ይቀላል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ይከብዳል።»

ሐረገወይን ጣቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቀች።

«ዓይናዲስን ታውቂያታለሽ?»

«የክዳኑን ጓሳ ሣር ከሚያጭዱልን መካከል ያለችውን?»

«እሷን። ከልጅነቷ ለቢሻው የታሰበች ናት። የሐዋርያት ጾም ሳይገባ በተክሊል ልናጋባቸው፣ ሐምሌ ላይ ጳጳሱ ዳባት ሲመጡ ቅስናውን ሊቀበል ነው የተነጋገርነው።» ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ይኸው ነው የባሰባት። «ምን እንዲህ አስቸኮለዎት ትዪኝ ይሆናል። ዲያቆን አይጠፋም፤ ቄስ ግን እዚህ አምባ ላይ ሁለት ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላኛው ከኔም ያረጁ ናቸው። ከሁለት ቄስ በታች ደግሞ ቅዳሴ የለም። እኛ ስንወድቅ ታቦቷ ቅዳሴ ታጣለች። ሕዝቡም ልጁን ክርስትና ለማስነሣት፣ ሬሳውን ለማስፈታት ገደል ወርዶ ገደል ይወጣል።»

«ገብቶኛል አባቴ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ደፈሩኝ አትበይ።» መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ባል አግብተሽ ታውቂያለሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። እዚህ አምባ ላይ ያለፈ ሕይወቷን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሽማግሌው ግን የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምፅዋ አቅንተው ይጠብቃሉ።

«አዎ» አለች። «ባሕር ዳር። ከተፋታን ሁለት ዓመት ሆኖናል።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ የፈሩትን ነገር ሰምተው እንደ ጨረሱ ሁሉ።

«ቄስ የሚሆን ሰው ፈት አያገባም ልጄ። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም። ቢያገባ ዲቁናውም ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መቅደስ አይገባም።» ተነሡ። «ያውቃል?»

«አልነገርኩትም።»

«ንገሪው። ከኔ አፍ እንዲሰማው አልወድም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከሚወደው ሰው ነው መስማት ያለበት።»

መቋሚያቸውን እያስቀደሙ ዳገቱን ተያያዙት። ሐረገወይን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሰድበዋት ቢሄዱ ትቀየማቸው ነበር፤ መቀየም ምን ያህል የሚያሳርፍ ነገር እንደሆነ የገባት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ጎንደር ወረደች። እናቷ ሲስተር እጅጋየሁ ከፒያሳ ጀርባ ባለው አሮጌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን በሆስፒታል ሲሠሩ ኖረው በዋና ነርስነት ነው ጡረታ የወጡት። ዛሬም አንሶላ ሲያጥፉ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ አይለቁም። ልጃቸው የአምባውን ነገር ስታወራ እያጠፉ ሰሙ፤ የቄሱ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እጃቸው ቆመ።

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«አዎ አልኩ።»

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አንሶላውን አስቀመጡት። «ስንቴ ነገርኩሽ ሐረገወይን። ያልጠየቁሽን አትናገሪ፣ ከጠየቁሽም ወሬ ቀይሪ።»

«ዝም ማለት ሰለቸኝ እማዬ። አገባሁ፣ ተፋታሁ። ሰው አልገደልኩም።»

«አንቺ ገደል ላይ ሆነሽ ምን ትሰሚያለሽ። የምሰማው እኔ ነኝ። በዕድሩም በሰርጉም፣ ‹ልጅሽ ደህና ናት?› ይሉኛል። ስለ ጤናሽ አይደለም የሚጠይቁኝ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ደግሞስ ለማን ብለሽ ነው? ለገጠር ዲያቆን? ያን ያህል ተምረሽ፣ አዲስ አበባ ትልቅ ቢሮ ነይ እያለሽ፣ ሣር ቤት ውስጥ ልትኖሪ?»

«ሣር ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እናትየው አንሶላውን አንሥተው መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሐረገወይንን ያስፈራት ይህ ነው፤ እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ትክክል ሲሆኑ ብቻ ነውና።

«ስሚኝ፤ ክፋት አይደለም። ጣራሽን ክደኚና ውጪ። ምንም አትንገሪው። እሱም ቄስ ይሆናል፣ አባትየውም ያርፋሉ፣ ያቺም ልጅ ትዳር ትይዛለች። ጥላኝ ሄደች ብሎ ጥቂት ይቆጣል፤ ከዚያ ይረሳሻል። ማንም አይጎዳም።»

«እኔስ?»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

ሐረገወይን ይህን ቃል አትወደውም። የፍቺውን ወረቀት ሲፈርሙ ባሏም ያላት ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ስትነሣ እናቷ ወፍራም ሹራብ ይዘው እስከ አጥሩ በር ተከተሏት። ሹራቡን ቦርሳዋ ውስጥ ራሳቸው ከተቱላት። «ብትነግሪውም ባትነግሪውም ደውዪልኝ» አሉ ፊቷን ሳያዩ። «ያን ጊዜ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ልጄ ትዳሯን ፈትታ እኔ ገበያ ላይ ሰማሁ።»

ሐረገወይን ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷን ያስቆጣቸው ፍቺው ይመስላት ነበር። በሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የወገራን ሜዳ እያየች ስትሄድ፣ ዝም ብላ ትሂድ ወይስ ትናገር እያለች ስታወጣ ስታወርድ፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ሌላ ነገር ነበር፤ ዝም በማለቷ የጎዳችው ሰው ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ።

የደቦው ቀን ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ የተቆጣ ነበር። የአምባው ሰው ግን ነቅሎ ወጣ። ወንዶቹ መሰላል አቆሙ፤ ሴቶቹ ጓሳውን እያሰሩ ተሸክመው ከገደሉ ሥር አወጡት። ሐረገወይን ሸክም ስትቀበል ከነዶው ሥር የዓይናዲስ ፊት ብቅ አለ። ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው፤ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«እንደምን አደርሽ» አለች ሐረገወይን።

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ዓይናዲስ ነዶውን አውርዳ አልሄደችም። ሐረገወይንን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ አስተያየቷ ጥላቻም ወዳጅነትም አልነበረበትም። «እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች በመጨረሻ። «እሱንም የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። አንቺን ግን ሁሉም ይጠይቅሻል። እንግዲህ መልስ ያለሽ አንቺ ነሽ።» ዞራ ወደ ገደሉ ወረደች።

የክዳኑ አውራ አያ ወንዴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰው በየቦታው ሲመድቡ፣ «ከውስጥ ልጥ የሚቀበል ጎደለን» ሲሉ ሐረገወይን እኔ አለሁ አለች። አዳራሹ ውስጥ በእንጨት የተሠራውን መቆሚያ ወጥታ ከጣራው ሥር ቆመች። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውጭ ያለው ሰው ሣሩን እየደረበ ማሰሪያውን ልጥ በሹል እንጨት ወደ ውስጥ ያሾልካል፤ የውስጡ ተቀብሎ በማገሩ ላይ አዙሮ መልሶ ያወጣለታል፤ የውጩ ስቦ ያጠብቃል። ሁለቱ አይተያዩም። ተስማምተው ካልሠሩ ግን ክዳኑ ይላላል።

ብዙ ሳትሠራ የውጩን ሰው አወቀችው። አሳሳቡ ነው የነገራት።

«መጣህ?» አለች።

«ደቦ ነው፤ አይቀርም» አለ ቢሻው ከሣሩ ወዲያ። ልጡ ገባ፣ ልጡ ወጣ። «አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«እውነት ነው ወይስ ሐሰት?»

«ጠርተውኛል። መልስ አልሰጠሁም። ያንተስ ሰርግ መቼ ነው?»

ልጡ በኃይል ተሳበ። «እኔ እሺ አላልኩም።»

«እምቢም አላልክም።»

«ከቤት ያልወጣሁት እምቢ የምልበትን ቃል ስፈልግ ነው። አባቴ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አይቆጡም፤ ዝም ብለው ይጠብቁኛል።»

ከውጭ ነጎድጓድ ተሰማ። አያ ወንዴ «ቶሎ ቶሎ በሉ» እያሉ ሲዞሩ ድምፃቸው ከወዲያም ከወዲህም ይመጣል። ሐረገወይን ከሣሩ መካከል በምትገባው ቀጭን ብርሃን የእጁን ጣቶች ብቻ ታያለች። የእናቷ ምክር ትዝ አላት። አንድ ቃል ሳትተነፍስ ይህን ጣራ ጨርሳ ብትሄድ በእርግጥም የሚከሳት አልነበረም።

«ቢሻው፣ ሥራውን አቁምና ስማኝ።»

«አላቆምም፤ ዝናቡ ደርሷል። ተናገሪ፣ እሰማለሁ።»

ፊቱን ብታይ ኖሮ አትነግረውም ነበር።

«አግብቼ ነበር» አለች። ልጡን ተቀበለች፣ አዞረች፣ መለሰችለት። «ሦስት ዓመት። መሐንዲስ ነው። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። የነደፍኩትን እየወሰደ የራሱን ስም ይጽፍበት ነበር። ስጠይቀው፣ ባልና ሚስት ምን ልዩነት አላቸው ይለኛል። እያደር እኔም ልዩነቱ ጠፋኝ። የጠፋሁት እኔ መሆኔ ሲገባኝ ወጣሁ። ይኸው ነው፤ ፈት ነኝ። በፋሲካ ማግስት ልነግርህ ይገባ ነበር። እጄን እንዳትለቀው ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጡ ቆመ።

እጇ ላይ የነበረው ጫፍ ላላ፤ ከዚያ ተንሸራቶ ወደቀ። ሣሩ ሲንኮሻኮሽ፣ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማች። ጠበቀች። «ቢሻው» አለች፤ መልስ የለም። ብዙ ቆይቶ አንድ ልጥ በሌላ በኩል ብቅ አለ።

«ያዢ እስቲ ልጄ» አሉ አያ ወንዴ።

«ዲያቆኑስ?»

«ወረደ። ምን እንዳገኘው እንጃ፤ ወደ ቤቱ ሲገሠግሥ አየሁት።»

ተቀበለች፣ አዞረች፣ መለሰች። እጇ ሥራውን አላቆመም። የጣራው ጉልላት ታስሮ ሲያልቅ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ እየሳቁ ሣሩ ሥር ተጠለሉ። ዶፉ ወረደ፤ ግድግዳው አንዲት ጠብታ አልነካውም። ሰው ሁሉ እጇን እየጨበጠ፣ እየመረቃት ወጣ። ብቻዋን ስትቀር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቤቱን የሠራችው ዝም ለሚል ሰው ነበር። ዝምታው እንዲህ እንደሚያስጨንቅ ግን ማንም አልነገራትም፤ እሷም ለማንም ነግራ አታውቅም።

በማግስቱ ዕቃዋን እየሸከፈች ሳለች አያ ወንዴ መጥተው ቄስ ዳኛው ደጀ ሰላሙ ጋ እንደሚፈልጓት ነገሯት። ስትደርስ ቄሱ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቢሻው ከጎናቸው ቆሟል፤ ዓይኑ ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ሐረገወይን ራቅ ብላ ቆመች።

«ሸሽቼሽ አልነበረም የወረድኩት» አላት ቢሻው ወዲያው፤ ቃሉ ሌሊቱን ሙሉ አፉ ውስጥ ያደረ ይመስል ነበር። «ነገሩ ካንቺ አፍ ወጥቷል። እዚያ ላይ የሚሰማ ጆሮ ብዙ ነው። አባቴ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ልድረስ ብዬ ነው። ለካ ቀድመውኝ ያውቃሉ።»

«ትተኸኝ የሄድክ መስሎኝ...» አንድ እርምጃ ቀረበች።

«አባቴ» አለ ቢሻው ዞሮ፣ «ትናንት ያልኩዎትን እሷ ባለችበት ልድገመው። ዓይናዲስን አላገባም። ሄጄም ለራሷ ነግሬያታለሁ። በጊዜ መናገርህ ደግ ነው አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ቅስናውንም አልቀበልም።»

ሐረገወይን ስትመኘው የኖረችውን ቃል ሰማች፤ ሰምታም ደነገጠች።

«አይሆንም» አለች። «የሰው ቤተ ክርስቲያን አላዘጋም ቢሻው። ሬሳ ተሸክሞ ገደል የሚወርድ ሰው ሁሉ እኔን እያሰበ ይወርዳል። ያን ተሸክሜ አንተን መውደድ አልችልም። ነገ እሄዳለሁ።»

«ብትሄጂም አልቀስስም።» እንደ ወትሮው ተረጋግቶ ለመናገር ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ዓይናዲስን አግብቼ ብቀስስ ምን ይሆናል? ልቤ አንቺ ዘንድ እያለ እጄን መንበሩ ላይ አኖራለሁ። ሰው አያውቅብኝም። አባቴም አያዩም። እግዚአብሔር ግን ያያል። እንደዚያ ሆኜ ከምገባ መቅደሱ ቢዘጋብኝ ይሻለኛል።»

«ተው።» ቄስ ዳኛው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «መቅደስን ለኔ አታስተምረኝ።»

የወይራው ቅጠል ትናንት ያቆረውን ዝናብ ጠብ ጠብ ያደርጋል።

«እናቱ ስትሞት» አሉ ሽማግሌው ወደ ሐረገወይን ዞረው፣ «እሱ ገና ይድህ ነበር። እኔም ሽማግሌ አልነበርኩም። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባም። ብቻዬን አሳደግሁት፤ ብቻዬን ከረምሁ። ሕጉ ለኔም ቀላል አልነበረም። ግን ይዤው ኖርሁ። ዛሬ እሱ ይተወዋል።»

ሐረገወይን እንባዋን መግታት አቃታት።

«አንቺን አልቀየምሽም። መዋሸት ስትችይ አልዋሸሽኝም። እሱንም አልረግምም፤ የሚዋሽ ቄስ አልወለድሁም። መመረቅ ግን አልቻልሁም፤ አፌ እምቢ አለኝ።» ተነሥተው ቆሙ። «ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት። ነገ አብሮኝ ይቀድስ። ከዚያ በኋላ አይገባም። አንቺም መሄድሽን ከነገ በኋላ አድርጊው፤ ምን እንደሚያጣ ቆመሽ ስሚና ያን ጊዜ ቁረጪ።»

በነጋታው ጎሕ አምባ በጉም ተሸፍና ዋለች። ሐረገወይን ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። የአምባው ሰው ሁሉ ነገሩን ሰምቷል፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፣ አንዳንዱ ቦታ ለቀቀላት። ዓይናዲስ ከፊት ረድፍ ነበረች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ከመቅደሱ መጋረጃ ውስጥ «ተንሥኡ ለጸሎት» የሚለው የቢሻው ድምፅ ወጣ። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ መለሰ። ሐረገወይን ይህን ድምፅ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ መስኮት ሲናገር ታውቀዋለች። ሲቀድስ ቀርባ ሰምታው አታውቅም። የሰማችው ሌላ ሰው ነው፤ ወይም የምታውቀው ሰው ሙሉ ሆኖ። ከልጅነቱ ጀምሮ የተዘጋጀበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ አባትና ልጅ እየተቀባበሉ ነው። ከእንግዲህ አይቀባበሉም። አንድ ቦታ ላይ የቢሻው ድምፅ ተሰበረ። ዝም አለ። የአባቱ ያረጀ ድምፅ ቀስ ብሎ ገብቶ ዜማውን ካቆመበት አነሣውና ይዞለት ሄደ፤ ልጁ እስኪመለስ ድረስ። በሴቶቹ በኩል ያላለቀሰ አልነበረም። ለመሄድ ወይም ለመቅረት ልትቆርጥ መጥታ ነበር። ያን ጊዜ ግን ልትሄድ እንደማትችል አወቀች፤ ይህን የሚያህል ነገር የሰጣትን ሰው ብቻውን ጥላው ብትሄድ፣ የሰጠውን ከንቱ ማድረግ ነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ሕዝቡን መስቀል አሳለሙ። ተራዋ ደርሶ ስትንበረከክ እጃቸው ጥቂት ቆመ። በአተነፋፈሷ አውቀዋታል።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፤ መስቀሉንም ግንባሯ ላይ አሳረፉት።

ቢሻው በመጨረሻ ወጣ፤ የቅዳሴ ልብሱን አውልቆ ጋቢውን ደርቦ። እንደ ዘወትሩ አባቱን ወደ ቤት ሊመራ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ለቀቁት።

«ዛሬስ መንገዱን አገኘዋለሁ» አሉ። መቋሚያቸውን አስቀድመው ብቻቸውን ወደ ጉሙ ገቡ።

ቢሻው ቆሞ ቀረ። ሐረገወይን ቀርባ ከጎኑ ቆመች። ጥቂት ቆይተው ሁለቱም በአንድ ጊዜ መራመድ ጀመሩ፤ ከሽማግሌው ኋላ፣ ሳይቀርቡ ሳይርቁ፣ እርምጃቸውን እያለሰለሱ። ከጅረቷ ድንጋይ ላይ ሽማግሌው ተንገዳገዱ፤ ቢሻው ሊወረወር ሲል ሐረገወይን እጅጌውን ያዘችው። ሽማግሌው ራሳቸው ተስተካከሉና ተሻገሩ። ካፊያው ጀመረ።

ቤታቸው ደረሱ። በሩን ዳብሰው ከፈቱ። ሁለቱ ከአጥሩ ወዲህ፣ መግባትም መመለስም አቅቷቸው ቆሙ። ዝናቡ ጠነከረ።

«ቢሻው» አሉ ቄስ ዳኛው ሳይዞሩ።

«አቤት አባቴ።»

«እንግዳ ደጅ ላይ በዝናብ አይቆምም።»

በሩን ሳይዘጉት ገቡ።

«እንግዳ» ነው ያሏት። ሰሞኑን ሁሉ «ልጄ» ሲሏት ከርመው ዛሬ አላሏትም። ሐረገወይን ግን ቃሉ አልከፋትም፤ እንግዳ የተባለ ሰው ቤተኛ እስኪሆን ጊዜ ይፈጃል፣ ጊዜ ደግሞ እንግዲህ አላት። ቢሻውን ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ረጥቧል፤ ከዝናቡ ይሁን ከሌላ አልለየችውም። ደስታዋ ከብዷት፣ ሐዘኗ ቀልሏት፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቷት፣ ጎንበስ ብላ የበሩን መድረክ ተሻገረች።